የቀርከሃው ጃምቦሪ፦ የ1959ኙ የማኪሊንግ የስካውት ካምፕና በሐሩራማ ደሴት የመሥፈር ጥበብ

መግቢያ

ከሐምሌ 10 እስከ 19 ቀን 1951 ዓ.ም.፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከጁላይ 17 እስከ 26 ቀን 1959፣ ከ44 አገሮች የተውጣጡ 12,203 ስካውቶች በፊሊፒንስ፣ በሉዞን ደሴት፣ በማኪሊንግ ተራራ ተዳፋት ላይ ለዐሥር ቀናት ሠፍረው ነበር። ስብሰባው ዐሥረኛው የዓለም የስካውት ጃምቦሪ ነው። ጃምቦሪ በስካውቶች ዘንድ ከልዩ ልዩ አገር የመጡ ወጣቶች በአንድነት የሚሠፍሩበት ታላቅ ካምፕ ማለት ነው። ከማኪሊንግ በፊት ከተደረጉት ዘጠኝ ጃምቦሪዎች ስምንቱ የተካሄዱት በአውሮፓ፣ አንዱ በካናዳ ነበር። በእስያ ምድርና በሐሩር ክልል ሲካሄድ የ1959ኙ የመጀመሪያው ሆነ።

የስካውት ካምፕ ልማድ የተቀረጸው በእንግሊዝ አገር የበጋ አየር ነው። ድንኳኑ፣ የምድጃው አሠራርና የልብሱ ዓይነት ሁሉ ቀዝቃዛ ሌሊትና ቀላል ዝናብ ታስቦባቸው የተዘጋጁ ነበሩ። በሐሩራማ ደሴት ላይ፣ ያውም በክረምት እኩሌታ፣ ያ ልማድ ብቻውን አይበቃም። ይህ ጽሑፍ ካምፑ በምን ዘዴ ሊቆም እንደቻለ፣ የአገሬው ቁሳቁስና ዕውቀት ምን ድርሻ እንደነበራቸው፣ ከጦርነት በወጣች አገር ውስጥ እንዲህ ያለው ስብሰባ ምን ትርጉም እንደያዘ ያብራራል። ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከብራውንሲ እስከ ሉዞን

የስካውት ንቅናቄ ራሱ የተወለደው በደሴት ላይ ነው። በነሐሴ 1907 የእንግሊዝ ጦር መኮንን የነበሩት ሮበርት ቤደን ፖል ሃያ ያህል ልጆችን በደቡብ እንግሊዝ ጠረፍ ወዳለችው ብራውንሲ ደሴት ወሰዱ። ገሚሶቹ ከባለጸጋ ቤተሰብ፣ ገሚሶቹ ከሠራተኛው መደብ የመጡ ነበሩ። ልጆቹ በአራት አነስተኛ ቡድኖች ተከፈሉ፤ ለእያንዳንዱም ቡድን ከመካከላቸው አንድ አለቃ ተሾመለት። ፓትሮል የተባለው ይህ ቡድን ብዙውን ጊዜ ከስድስት እስከ ስምንት አባላት የሚይዝ ሲሆን፣ እስከ ዛሬ የንቅናቄው የመሠረት ድንጋይ ነው። አብረው የሚያበስሉት፣ የሚተኙትና የሚሠሩት የአንድ ፓትሮል ልጆች ናቸው።

ንቅናቄው ወደ ፊሊፒንስ የገባው አገሪቱ በአሜሪካ ቅኝ አገዛዝ ሥር በነበረችበት ዘመን ነው። በ1914 አንድ አሜሪካዊ መኮንን በደቡባዊቷ የዛምቦአንጋ ከተማ አብዛኞቹ ሙስሊም የሆኑ ልጆችን አሰባስቦ ከመጀመሪያዎቹ የስካውት ክፍሎች አንዱን አቋቋመ። በ1923 በማኒላ የአሜሪካ ስካውቶች ቅርንጫፍ ምክር ቤት ተመሠረተ። ፊሊፒናውያን ድርጅቱን የራሳቸው ያደረጉት ግን ፕሬዚዳንት ማኑኤል ኬሶን በጥቅምት 1936 በፈረሙት ሕግ ሲሆን፣ አዲሱ ማኅበር ሥራውን የጀመረው በጥር 1938 ነው። አገሪቱ ነጻነቷን ባወጀችበት በ1946 ማኅበሩ የዓለም አቀፉ የስካውቶች ኅብረት ሙሉ አባል ሆነ። እንግዲህ ጃምቦሪውን ያስተናገደችው ፊሊፒንስ በነጻነት የቆየችው 13 ዓመት ብቻ ነበር።

የቦታው ትዝታ

ማኪሊንግ ከማኒላ በስተ ደቡብ ምሥራቅ 65 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኝ፣ 1,090 ሜትር ከፍታ ያለው፣ የተኛ እሳተ ገሞራ ነው። በግርጌው ያለችው የሎስ ባኞስ ከተማ ስሟን ያገኘችው ከተራራው ሥር ከሚፈልቀው ፍል ውኃ ነው፤ በስፓንኛ «መታጠቢያዎቹ» ማለት ነው። ተራራው ከ1910 ጀምሮ የተከለለ ደን ነው። በሕዝቡ አፈ ታሪክ ማሪያ ማኪሊንግ የተባለች መንፈሳዊት እመቤት ደኑን ትጠብቃለች።

ነገር ግን በ1959 የአካባቢው ነዋሪ ቦታውን የሚያስታውሰው በፍል ውኃውና በአፈ ታሪኩ ብቻ አልነበረም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጃፓን ሠራዊት በሎስ ባኞስ የሚገኘውን የግብርና ኮሌጅ ግቢ የሲቪሎች ማጎሪያ አድርጎት ነበር። በየካቲት 23 ቀን 1945 የአሜሪካ አየር ወለድ ጦርና የፊሊፒንስ አርበኞች በአንድነት ባካሄዱት ዘመቻ 2,147 እስረኞች ነጻ ወጡ። የዘመቻው ዋጋ የተከፈለው ከዚያ በኋላ ነው። የጃፓን ወታደሮች በቀናት ውስጥ ተመልሰው ወደ 1,500 የሚጠጉ የከተማይቱን ነዋሪዎች በበቀል ፈጁ። የስካውቱ ካምፕ የተተከለው ከዚያ የኮሌጅ ግቢ በላይ ባለው ተዳፋት ላይ ነው።

ማኅበሩም የራሱ ቁስል ነበረው። ከሰባቱ መሥራቾች አንዱ የነበሩት ጄኔራል ቪሴንቴ ሊም በጃፓን ጦር ተይዘው ተገድለዋል። ሌላው መሥራች ሆርሄ ቫርጋስ ደግሞ በወረራው ዘመን በጃፓኖች ሥር የተቋቋመውን አስተዳደር ይመሩ ነበር፤ በ1959 የጃምቦሪው ካምፕ አለቃ የነበሩት እኚሁ ሰው ናቸው። ከካምፑ ተሳታፊዎች መካከል የጃፓን ስካውቶች ይገኙ ነበር። ከፍጅቱ ወዲህ ያለፈው ጊዜ 14 ዓመት ነው። በ1945 የተወለደ ፊሊፒናዊ ልጅ በጃምቦሪው ዘመን ለስካውትነት በደረሰ ዕድሜ ላይ ነበረና፣ ወላጆቹ በፍርሃት ከሚያስታውሱት አገር የመጣ እኩያው በአንድ ተራራ ላይ አብሮት ይሠፍር ነበር። የጃምቦሪው መሪ ቃል «ነገን ዛሬ እንገንባ» የሚል ነበር። በዚያ ተዳፋት ላይ ቃሉ ትናንትንም የሚያስታውስ ነበር።

ዝናብና መሬት

ማኪሊንግ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን በ14 ዲግሪ ላይ ይገኛል፤ ይህም የአክሱም ከተማ የምትገኝበት ኬክሮስ ነው። ሐምሌ በሁለቱም ቦታ ክረምት ነው። ልዩነቱ ከፍታውና ባሕሩ ነው። አክሱም ከባሕር ወለል 2,100 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ስለምትገኝ ክረምቷ ብርድ ያለው ሲሆን፣ በውቅያኖስ የተከበበችው ሉዞን ዝናቧ ከሙቀትና ከእርጥበት ጋር ይመጣል። በዚያ ላይ ታይፎን የሚባለው ዐውሎ ነፋስ አለ። በፊሊፒንስ የአየር ክልል በዓመት በአማካይ ሃያ ያህል ዐውሎ ነፋሶች የሚያልፉ ሲሆን፣ አብዛኞቹ የሚበረቱት ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ነው። በሰሜኑ ንፍቀ ክበብ ላሉ አብዛኞቹ ተማሪዎች ግን ሐምሌ የዕረፍት ወር ነው። ለእንግዶቹ የተመቸው ወቅት ለቦታው አስቸጋሪው ወቅት ሆነ።

የችግሩን መጠን በቀላል ስሌት መረዳት ይቻላል። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውኃ ያወርዳል። 50 ሚሊ ሜትር የሚሆን ዶፍ 20 ካሬ ሜትር ስፋት ባለው ጣሪያ ላይ ቢወርድ 1,000 ሊትር፣ ማለትም አንድ ቶን ውኃ ይሆናል። ጣሪያው ለጥ ያለ ከሆነ ውኃው ያቁራል፤ ሸራው ይረግባል፤ ምሰሶው ይሰበራል። ጣሪያው ቀጥ ያለ ቁልቁለት ካለው ግን ውኃው ወዲያው ይወርዳል። የወረደውም መሄጃ ያስፈልገዋልና በየመጠለያው ዙሪያ ቦይ ይቆፈራል፤ ትንንሾቹ ቦዮች ከተዳፋቱ ጋር ወደሚወርድ ትልቅ ቦይ ይገባሉ። በተራራ ላይ አንዱ ሠፈር ያለ ጥንቃቄ የለቀቀው ውኃ ከበታቹ ያለውን ሠፈር ያጥለቀልቃል። ስለዚህ የቦይ ሥራ ከጎረቤት ጋር መመካከርን የግድ ይላል።

ቀርከሃ፣ ኒፓና አባካ

ጃምቦሪው እስከ ዛሬ «የቀርከሃው ጃምቦሪ» በሚል ስም ይታወቃል። ለካምፑ ግንባታ ቀርከሃና ኒፓ የተባለው የዘንባባ ዓይነት ቅጠል በሰፊው ስለዋሉ ነው። ሁለቱም ባሃይ ኩቦ የሚባለው ባህላዊው የገጠር ቤት የሚሠራባቸው ናቸው። ቤቱ በምሰሶዎች ላይ ከመሬት ከፍ ብሎ ይቆማል፤ ወለሉ የተሰነጠቀ ቀርከሃ ስለሆነ ነፋስ ከሥር ይገባል፤ የጣሪያው ቁልቁለት ከፍተኛ ነው። የጎርፍን፣ የሙቀትንና የነፍሳትን ችግር በአንድ ጊዜ የሚያቃልል አሠራር ነው። ወፍራም የሸራ ድንኳን በአንጻሩ በሐሩር አገር ቀን እንደ ምድጃ ይግላል፤ እርጥበቱ ሲሰነብት ይሻግታል።

ቀርከሃ በጠባዩ ሣር ነው። ሙሉ ቁመቱን በጥቂት ወራት ውስጥ ይጨርሳል፤ ለግንባታ የሚሆን ጥንካሬ የሚያገኘው ግን ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ሲሞላው ነው። በኢትዮጵያ ቆላ የሚበቅለው ሽመል ውስጡ ድፍን ሲሆን፣ በፊሊፒንስ ለቤት ሥራ የሚመረጠው እሾሃማው ቀርከሃ ውስጡ ክፍት ነው፤ ባዶነቱ ክብደቱን ሲቀንስለት አንጓዎቹ እንዳይጣመም ይደግፉታል። ዋነኛ ጠላቱ ነቀዝ ነው። ነቀዙ የሚፈልገው በግንዱ ውስጥ የተከማቸውን ስታርች ስለሆነ፣ አገሬው ቀርከሃውን ስታርቹ በሚያንስበት ደረቅ ወቅት ይቆርጣል፤ ከዚያም ለሳምንታት በውኃ ውስጥ ይዘፈዝፈዋል። በሐምሌ ለሚቆም ካምፕ የሚሆን ጥሩ ቀርከሃ እንግዲህ ከወራት በፊት መታሰብ ነበረበት።

ቀርከሃ በሚስማር ሲመታ ይሰነጠቃልና የሚጋጠመው በማሰር ነው። እዚህ ላይ የስካውቶች የቋጠሮ ትምህርትና የአገሬው የእጅ ሥራ ተገናኙ። የማሰሪያ ገመድ በማውጣት ረገድ ፊሊፒንስ በዓለም የታወቀችበት ተክል አባካ ነው። የአባካ ጭረት በንግድ ዓለም «የማኒላ ቃጫ» እየተባለ ሲጠራ ኖሯል፤ የባሕር ውኃን ስለሚቋቋም መርከበኞች ይመርጡታል። አባካ የሙዝ ዝርያ ሲሆን፣ የኢትዮጵያው እንሰትም የዚሁ የሙዝ ቤተሰብ አባል ነው። የአባካን ግንድ ፍቆ ጭረት የሚያወጣው ገበሬ ሥራ የጉራጌና የሲዳማ ሴቶች የእንሰቱን ቃጫ ከሚያወጡበት ሥራ ጋር የሚመሳሰለው ስለዚህ ነው።

ቀርከሃን የመቁረጥ ሥራ ከጤና ጋርም ይያያዛል። የደንጊ ትኩሳትን የምታስተላልፈው ትንኝ የምትራባው በጥቂት የጠራ ውኃ ውስጥ ነው። ቀርከሃ በሁለት አንጓዎች መካከል ከተቆረጠ ጉቶው እንደ ኩባያ ዝናብ ይይዛል፤ ይህም ለትንኟ የተመቸ መራቢያ ይሆናል። ልክ ከአንጓው ላይ ከተቆረጠ ግን ውኃ የሚያቁርበት ክፍት ቦታ አይኖረውም። ይህ ተራ ጥንቃቄ አልነበረም። ደም የሚያፈሰው ከባድ የደንጊ ትኩሳት ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ወረርሽኝ የተለየው በ1953 እና በ1954 በዚያው በፊሊፒንስ ነው። በመጋዝ አንድ ስንዝር ከፍ ወይም ዝቅ ማለት ሰው ከመታመምና ካለመታመም ጋር የሚገናኝበት ቦታ ነበር።

የአሥራ ሁለት ሺህ ሰው ሥርዓት

12,203 ሰው የአንድ አነስተኛ ከተማ ሕዝብ ነው። በአደጋ ጊዜ መጠለያዎች ዛሬ ለአንድ ሰው በቀን እንደ ዝቅተኛ መለኪያ በሚወሰደው 15 ሊትር ቢሰላ፣ እንዲህ ያለ ካምፕ በየቀኑ ከ183,000 ሊትር የሚበልጥ ንጹሕ ውኃ ይፈልጋል። በሙቀት አገር የሚላብ ወጣት የሚጠጣው ደግሞ ከተለመደው ይበልጣል። የመጸዳጃ ጉድጓዶች ከውኃ መቅጃው በታች፣ በተዳፋቱ ዝቅተኛ ወገን መቆፈር አለባቸው። የተረፈ ምግብ በእርጥበት አገር በሰዓታት ውስጥ ይበላሻል። ተቅማጥ አንዴ ከገባ ከድንኳን ወደ ድንኳን ለመዛመት ጥቂት ቀን ይበቃዋል።

ይህን ያህል ሕዝብ ከላይ በሚወርድ ትእዛዝ ብቻ ማስተዳደር አይቻልም። የብራውንሲው የ1907 ዘዴ ጥቅሙ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። 12,203 ሰው ስምንት ስምንት ሆኖ ቢከፈል ከ1,500 የሚበልጡ ቡድኖች ይወጡታል። እያንዳንዱ ቡድን የራሱን ምድጃ የሚያነድድ፣ ውኃውን የሚያፈላ፣ ቦዩን የሚጠርግ ከሆነ፣ የካምፑ አመራር የሚቀረው ሥራ ለቡድኖቹ የሚያስፈልገውን ማድረስና በመካከላቸው ያለውን ማስማማት ነው። ሌሊት ዝናብ ሲወርድ የአንድን ድንኳን ገመድ የሚያላላው በውስጡ የተኛው ልጅ እንጂ ከማዕከል የተላከ ሠራተኛ አይደለም። ከተክል ጭረት የተሠራ ገመድ ሲረጥብ ያጥራል፤ በጊዜው ካልላላ ካስማውን ይነቅላል ወይም ሸራውን ይቀድዳል። ይህን የሚያውቅ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ በየድንኳኑ አንድ ካለ ካምፑ ሌሊቱን ይሻገራል።

ዕውቀቱ የሚሄድበት አቅጣጫም በማኪሊንግ ተለወጠ። በቅኝ ግዛት ዘመን የስካውት ትምህርት ከውጭ መኮንን ወደ አገሬው ልጅ ይወርድ ነበር። በዚህ ካምፕ ግን ቀርከሃን እንዴት መሰንጠቅ፣ የኒፓን ቅጠል እንዴት መደራረብ፣ በከባድ ዝናብ ውስጥ እሳት እንዴት ማቆየት እንደሚገባ የሚያውቀው የሉዞን ገበሬ ልጅ ነው። ከአውሮፓና ከአሜሪካ የመጣው እንግዳ ተማሪ ነበር። ለ13 ዓመት ብቻ በነጻነት ለቆየች አገር ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ከካምፑ በኋላ

በስካውቶች ደንብ ጥሩ ካምፕ ማለት ሲነሣ ምልክት የማይተው ካምፕ ነው። ቀርከሃና ኒፓ ለዚህ ደንብ ይስማማሉ፤ ሥራቸውን ሲጨርሱ ለማገዶ ይሆናሉ፤ አለዚያም በስብሰው ወደ አፈርነት ይመለሳሉ። የማኪሊንግ ቦታ ግን ከወጣቶች ጋር ያለው ግንኙነት አልተቋረጠም። የፊሊፒንስ ስካውቶች ዛሬም በተራራው ላይ ካምፕ አላቸው። ከጃምቦሪው ቦታ ከፊሉ ላይ በ1976 ብሔራዊ የጥበባት ማዕከል ተከፈተ፤ በማግስቱ ዓመት ደግሞ በጥበብ ተሰጥኦ ላላቸው ተማሪዎች የሚሆን አዳሪ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በዚያ ተቋቋመ።

ቀጣዩ ጃምቦሪ የተደረገው በነሐሴ 1963 በግሪክ አገር በማራቶን ነው። ከአራት ዓመት በፊት እንግዳ የተቀበሉት ፊሊፒናውያን በተራቸው እንግዳ ሆነው ለመሄድ 24 አባላት ያሉት የልዑካን ቡድን ላኩ። ቡድኑ የተሳፈረበት የተባበሩት ዐረብ አየር መንገድ አውሮፕላን በሐምሌ 28 ቀን 1963 ቦምቤይ ለማረፍ ሲቃረብ በዐረብ ባሕር ወደቀ። በአውሮፕላኑ ከነበሩት 63 ሰዎች አንድም አልተረፈም። በማኒላ አጠገብ ባለችው በኬሶን ከተማ ዛሬ «ስካውት» በሚል ቃል የሚጀምር ስም ያላቸው በርካታ መንገዶች ይገኛሉ። ስሞቹ የእነዚያ የሟቾች ናቸው። በአካባቢው አደባባይ ላይም የመታሰቢያ ሐውልት ቆሞላቸዋል። ብዙ ሰው በየቀኑ ስማቸውን የሚጠራው አድራሻ ሲናገር ነው።

ማጠቃለያ

የማኪሊንግ ካምፕ የሚያስረዳው ዋና ጉዳይ ይህ ነው፦ ከሌላ አየር ንብረት የመጣ ተቋም በአዲስ ምድር ላይ የሚጸናው ሁለት ነገሮች ሲገናኙ ነው። አንደኛው ወደየትም አገር ሊወሰድ የሚችል የአደረጃጀት ዘዴ ሲሆን፣ እርሱም ኃላፊነትን እስከ ስምንት ልጆች ድረስ የሚያወርደው የፓትሮል ሥርዓት ነው። ሁለተኛው ከቦታው ሊነሣ የማይችል ዕውቀት ነው፤ ቀርከሃ መቼ እንደሚቆረጥ፣ ከየት ላይ እንደሚቆረጥ፣ ዝናቡ በየት በኩል እንደሚወርድ የማወቅ ጉዳይ ነው። የመጀመሪያው ብቻ ቢሆን የእንግሊዝ ድንኳን በሉዞን ዶፍ ሥር በፈረሰ ነበር። ሁለተኛው ብቻ ቢሆን ደግሞ ከ44 አገር የመጣን ሕዝብ በአንድነት ማሳደር ባልተቻለ ነበር።

ከጦርነቱ ትዝታ አንጻር ሲታይም የካምፑ ድርሻ በልኩ ሊነገር ይገባል። ዐሥር ቀን የ1945ን ፍጅት አይሽርም፤ የሎስ ባኞስ ቤተሰቦችም ሙታናቸውን አልረሱም። ሆኖም የፊሊፒንስና የጃፓን ልጆች በዚያ ተዳፋት ላይ የተገናኙበት ሥራ ውኃ መቅዳት፣ ቦይ መጥረግና ገመድ ማላላት ነው። በእንዲህ ያለው ሥራ አንዱ ቢሰንፍ ሌላው ይረጥባል፤ አንዱ የለቀቀው ጎርፍ ከበታቹ ወዳለው ሠፈር ይወርዳል። ጉርብትናን በንግግር ከማስተማር ይልቅ በአንድ ተዳፋት ላይ አስፍሮ ክረምቱን እንዲያሳልፉ ማድረግ የካምፕ ትምህርት የተለየ ጠባይ ነው፤ ማኪሊንግም ለዚህ ግልጽ ምሳሌ ሆኖ ይኖራል።